የእትዬ ፀዳለ ድምፅና ባለመብራቱ ሞንታርቦ

አዳማን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም ይባላል። የሚያውቀው ግን ቅዳሜ ገብቶ እሁድ የሚወጣበትን የሆቴል መዋኛ ነው። ከአዳማ ወዲያ ያሉትንማ፣ መቂን፣ ባቱን፣ አርሲ ነጌሌን፣ ወደ ሐዋሳ ሲያልፍ በመኪና መስኮት ቲማቲም የሚገዛባቸው ቦታዎች አድርጎ ነው የያዛቸው። ይህን የምጽፈው ለዚያ ሰው ነው። ከመዋኛው ሳይወጣ ያንብበው።

የሄድነው ለሥልጠና ነበር። ጉዞው በሙሉ ግን የስፒከር ጉዞ ሆነ፤ እንዴት እንደሆነ ለመናገር ከእትዬ ፀዳለ መጀመር አለብኝ።

እትዬ ፀዳለ አዋላጅ ነርስ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ በእኛ ትንሽ የሥልጠና ድርጅት ውስጥ የገጠር ጤና ባለሙያዎችን ያሠለጥናሉ። የሚያስተምሩት አንድ ነገር ነው፦ ተወልዶ ያላለቀሰ፣ ትንፋሽ ያጠረው ሕፃን እንዴት እንዲተነፍስ እንደሚደረግ። በላስቲክ አሻንጉሊት ያሳያሉ። አርሲ ተወልደው ስላደጉ በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ ይጨርሳሉ፣ መሃል ላይ ይቆጣሉ፣ ይቀልዳሉ፤ ሴቶቹ ይወዷቸዋል። ባለፈው ዓመት አንገታቸው ላይ የነበረውን እንቅርት በቀዶ ሕክምና አስወጡ። እንቅርቱ ወጣ፣ ግማሽ ድምፃቸውም አብሮ ወጣ። የቀረው ቀጭን ድምፅ አጠገባቸው ለተቀመጠ ሰው ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ራቅ ላለ ሰው ግን ከንፈር ሲንቀሳቀስ ማየት ነው።

ሥራ አስኪያጃችን ግዛቸው በስብሰባ ላይ ጉሮሮውን ጠርጎ «እትዬን ብናሳርፋቸውስ» አለ። በእኛ ቢሮ ሰው የሚባረረው እንዲህ ባለ ደግ ቃል ነው። በምትካቸው የሚገባው ቪዲዮ ተዘጋጅቷል፤ አንድ ሸበላ ሰው ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ በጠራ የአዲስ አበባ አማርኛ ያስረዳል። ሸበላው ሰው ጥያቄ ቢጠየቅ አይመልስም፤ ግዛቸው ይህንንም እንደ መልካም ጠባይ ቆጥሮለታል። እትዬ ፀዳለ ሰምተው ሲያበቁ አንድ ዕድል ጠየቁ። ግዛቸውም እንዲህ ሲል ቃል ሰጠ፦ «ባቱና ሻሸመኔ ላይ ያሠልጥኑ። ሻሸመኔ እኔ ራሴ መጥቼ ከመጨረሻው ረድፍ እቀመጣለሁ። ከተሰማኝ ይቀጥላሉ፤ ካልተሰማኝ ቪዲዮው ይገባል።»

ታዲያ ስፒከር ያስፈልጋል። የቢሮው ስፒከር ለግዛቸው እህት ልጅ ሠርግ በውሰት ሄዶ እያንኮራፋ ተመልሷል። ግዢ ክፍሉ አዲስ ለመግዛት ዋጋ ሲያወዳድር፣ ሲያወዳድር መነሻችን ደረሰና «መንገድ ላይ ግዙ» ተባልን።

የመጀመሪያው ቀን

እትዬ ፀዳለ፣ እኔና ሾፌሩ በጠዋት ወጣን። ሾፌራችን ሙክታር የአዳማ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ የሚኖረው በግድ መሆኑን በየቀኑ ያስታውሰናል። ዱከም ላለ ዘመዱ የሚያደርሰው ጎማ ስለነበረው የፍጥነት መንገዱን ትተን በአሮጌው መንገድ ነዳን። ዱከም ስንደርስ የፋብሪካ ሠራተኞች የሚገቡበት ሰዓት ነበርና ሚኒባስ በሚኒባስ ላይ ተደራርቧል። አዲስ አበባ ውስጥ ወያላ የሚጮኸው ሰው እንዲገባለት ነው፤ ዱከም ግን መኪናው ሞልቶ፣ በሩ ተዘግቶ እንኳ ይጮኻል። እትዬ ፀዳለ አንዱን ወያላ በመስኮት በቅናት እያዩ «እስቲ ይህ ልጅ ጉሮሮውን ያውሰኝ» አሉ።

ቢሾፍቱ ቁርስ ለመብላት ቆምን። ጭቅና ፍርፍሩ ጥሩ ነው፤ አዲስ አበባ በዚያ ዋጋ የሚቀርብልህ ሳህኑ ብቻ ነው። ጋሪው፣ ባጃጁ፣ ከላይ ደግሞ የአየር ኃይል አውሮፕላን ሲያልፍ የቤቱ ብርጭቆ ሁሉ ይንጫጫል። እትዬ ፀዳለ አስተናጋጁን ለብ ያለ ውሃ ጠየቁት። ጎንበስ አለ፤ ደገሙለት። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን «እናትዎ ምን ይፈልጋሉ?» አለኝ። እስከ መጨረሻው ከእኔ ጋር ብቻ አወራ። ሰው ድምፁ ሲያንስ እዚያ መቀመጡም የሚያንስ ይመስል፣ ሰዎች በላዩ አሳልፈው ነው የሚያወሩት። ተናደድኩ። እሳቸው ግን ውሃቸውን ጠጥተው አፋቸውን በሶፍት ጠረጉና «እንሂድ» አሉ።

አዳማ ስንደርስ ሙቀቱ በሩን ከፍቶ ጠበቀን። አዲስ አበባ ለብሰነው የመጣነውን ሹራብ አንድ በአንድ እያወለቅን ሙክታር ወደሚያውቀው የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገባን። ባለሱቁ ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው፤ አዳማ ከገቡ ብዙ ዘመናቸው ነው። ገና ሳንቀመጥ በርጩማ ተደረደረ፣ ቀዝቃዛ ውሃ መጣ፣ ሳንቡሳ መጣ። አዲስ አበባ ሱቅ ገብተህ ዋጋ ስትጠይቅ ባለሱቁ ከስልኩ ቀና ካለልህ ዕድለኛ ነህ። እዚህ ግን ሳንገዛ ብንወጣ የሚያፍሩት እሳቸው ይመስሉ ነበር።

«ለቢሮ ነው» አልኳቸው። ጋሽ ሰይድ ገባቸው። ከጓዳ አንድ ነገር እየገፉ መጡ፤ ቁመቱ ደረቴ ይደርሳል፣ ከሥር ጎማ፣ ከላይ እጀታ፣ ፊቱ ላይ ቀይና አረንጓዴና ሰማያዊ መብራት የሚዞርበት ሞንታርቦ ነው። መጀመሪያ ዘፈን ከፈቱ። መደርደሪያው ላይ ያሉት የስልክ ሽፋኖች መንቀጥቀጥ ጀመሩ፤ የጎረቤት ባለሱቆች ግን ዞር ብለው እንኳ አላዩም፣ ለምደውታል። ቀጥለው ማይኩን አነሱና አንዲት ቁልፍ እስከ ጥግ አዞሩ።

«ሀሎ» አሉ። ሞንታርቦው «ሀሎ-ሎ-ሎ-ሎ» አለ።

«ይቺ ኤኮ ትባላለች» አሉኝ በኩራት። «አንድ ሰው ሲናገር አራት ሰው የተናገረ ነው የሚመስለው።»

«እኛ የምንፈልገው አንድ ሰው የተናገረ የሚመስል ነው፤ ቃሉ ጥርት የሚል፣ ትንሽ ስፒከር።»

ጋሽ ሰይድ በሐዘን አዩኝ። «ለቢሮ ነው ብለኸኛል እኮ! ክቡር እንግዳው በምን ሊናገር ነው?»

ይህን ነገር ከመዋኛው ያልወጣው አንባቢ ልብ ይበልልኝ። በአገራችን የአዳራሽ ድምፅ ማጉያ የሚገዛው ቀኑን ሙሉ ለሚያስተምረው ሰው አይደለም። መጥቶ መክፈቻ ንግግር አድርጎ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ «አስቸኳይ ስብሰባ አለብኝ» ብሎ ለሚሄደው ሰው ነው። እሱ ደግሞ ኤኮ ይወዳል። የተናገረው ነገር ባይኖርም ኤኮው ይሞላለታል።

ለግዛቸው በቪዲዮ ደወልን። አንድም ጊዜ ድምፁን አሰሙኝ አላለም።

«መብራት አለው?»

«አለው።»

«ጎማስ?»

«አለው።»

«በቃ፣ እሱ ነው!»

ማይኩን ያልሞከረ ሰው አልነበረም። ጋሽ ሰይድ ሞከሩ፣ ሙክታር ሞክሮ ትንሽ ዘፈነ፣ እኔ ሞከርኩ፣ ቻርጀር ሊገዛ የገባ መንገደኛ ሳይቀር ተቀብሎ «ቼክ ቼክ» አለ። ለእትዬ ፀዳለ ማንም አልሰጣቸውም፤ እሳቸውም ጠይቆ መቀበል ደስ አይላቸውም። በርጩማቸው ላይ ሆነው ሳንቡሳቸውን እየቆረሱ ያዩን ነበር። ለማን ድምፅ እንደምንገዛ የረሳነው እኛ ነን።

ያደርንበት ሆቴል አሳንሰር ነበረው፤ አይሠራም። ሞንታርቦውን በደረጃ ስንጎትት አንደኛው ጎማ ተነቅሎ እየዘለለ ወደ ታች ወረደ። ዘበኛው ጎማውን ይዞልን መጣና፣ ዕቃውን በደንብ ካየ በኋላ በአክብሮት «ሠርጉ የማን ነው?» አለን።

ሁለተኛው ቀን

ወደ ሞጆ ተመልሰን በቆቃ በኩል ወደ ደቡብ ታጠፍን። ሙክታር ስልኩን በብሉቱዝ ከሞንታርቦው ጋር አገናኝቶ ከኋላችን ዘፈን ያስጮህ ጀመር። «ልሞክርላችሁ ብዬ ነው እንጂ እኔስ አልወድም» ይላል፣ ትከሻውን እየነቀነቀ። ዓለም ጤና ከተማ ላይ ያስቆመን የትራፊክ ፖሊስ መንጃ ፈቃዱን ሳይጠይቅ በመስኮት ወደ ኋላ አየና «ሠርጉ የት ነው?» አለ። እትዬ ፀዳለ በዚያች ድምፃቸው «ሻሸመኔ፤ የምዳረው እኔ ነኝ» አሉት። አልሰማቸውም። አክብሮ ብቻ ሳቀና አሳለፈን።

ባቱ፣ ብዙዎቻችን ዛሬም ዝዋይ የምንላት፣ ሐይቋን ይዛ ጠበቀችን። አዳራሹ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሴራሚክ ነው፤ ሳንቲም ቢወድቅ ሦስተኛው ቤት ይሰማል። ሴቶቹ ከየገጠሩ ጤና ኬላ መጥተው ልጅ አዝለው፣ በነጠላ ተሸፍነው፣ በሂጃብ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። በኦሮምኛ «አካም ቡልተን?»፣ እንዴት አደራችሁ፣ ብለው እትዬ ፀዳለ ሲገቡ ብድግ ብለው ተቀበሏቸው።

ባትሪው መንገድ ላይ በዘፈን አልቆ ነበርና ሞንታርቦውን ሶኬቱ ባለበት፣ ከኋላቸው አቆምን። እትዬ ፀዳለ ማይኩን እንደያዙ አዳራሹ በፉጨት ተሰነጠቀ። ፊት ያሉት ሴቶች ጆሯቸውን ያዙ። ቁልፍ ስነካካ ፉጨቱ ቆመ፣ ኤኮው ግን አልጠፋ አለ፤ ድምፃቸው ቆርቆሮው ላይ ወጥቶ፣ ሴራሚኩ ላይ ወርዶ፣ ከራሱ ጋር እየተጋጨ ተመለሰ። ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ እንደ ደንቡ፣ ጠየቁ።

«ይሰማል?»

«ይሰማል!» አለ አዳራሹ በአንድ ድምፅ።

አምስት ጊዜ ቢጠየቅ አምስት ጊዜ ይሰማል። የቀለጠ ጩኸት ቢሆን ይሰማል፣ ማይኩ ጠፍቶ ቢሆን ይሰማል። እኔ ራሴ በስንት ስብሰባ አንዲት ቃል ሳልሰማ «ይሰማል» ብያለሁ። ትልቅ ሰው ደክሞ ቆሞ፣ እኛ ተቀምጠን፣ «አይሰማም» ማለት ለእኛ «አይረቡም» ከማለት አይለይም። አስተዳደጋችን ነው። እትዬ ፀዳለም በዚያው አስተዳደግ ያደጉ ናቸውና አመኗቸው። ረጅም ሰዓት አስተማሩ።

መሃል ላይ ሞንታርቦው በድንገት ጸጥ አለ። ከዚያ አንዲት ሴት፣ ያለ ኤኮ፣ እንደ ውሃ በጠራ ድምፅ ተናገረች፦

«ሙክታር! ሽንኩርቱን ከመቂ ገዛህ ወይስ ረሳኸው? ደግሞ እናትህ ነገ ይመጣሉ፤ ቤት ውስጥ የማላቀርብላቸውን ነገር ቃል እንዳትገባ!»

ስልኩ ከሞንታርቦው ጋር እንደተገናኘ ነበር። ሙክታር ውጭ መኪናው ውስጥ ሆኖ «ሀሎ? ሀሎ?» ይላል፤ ምንም አይሰማውም። ሚስቱ ግን ለአንድ አዳራሽ ሴት የቤቷን ነገር ዘርዝራ ጨረሰች። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ከኋላ ያለች አንዷ «እውነቷን ነው!» ብላ መለሰችላት። በዚያ ቀን ከዚያ ሞንታርቦ ቃል በቃል የተሰማችው ሙክታር ያገባት ሴት ብቻ ነች።

ከሰዓት በኋላ መለማመጃ ሆነ። እትዬ ፀዳለ ከኋላ ረድፍ አንዲት ወጣት ጠርተው አሻንጉሊቱን ሰጧት። «በይ፣ ልጁ ተወልዷል፣ አላለቀሰም። አሳዪኝ።» ልጅቷ በቆራጥነት ተቀበለች፤ አሻንጉሊቱን በእግሩ አንጠልጥላ ቁልቁል ዘቅዝቃ ቂጡን በጥፊ ትመታው ጀመር።

እትዬ ፀዳለ ከጠዋት ጀምሮ «ይህን አታድርጉ» ሲሉ የዋሉት ያንኑ ነው። ማድረቅ፣ ጀርባውን ማሸት፣ ካልተነፈሰ በእጅ በሚጨመቀው ፊኛ አየር መስጠት። ሌላ ጠሩ፣ ሌላ ጠሩ። ከፊት ያሉት ያውቃሉ፤ ከመሃል በኋላ ያሉት ምንም አልያዙም።

«ይሰማል ብላችሁኝ ነበር እኮ፣ ልጆቼ» አሉ።

ያቺ ወጣት አሻንጉሊቱን ደረቷ ላይ አቅፋ አቀረቀረች። «እርስዎ እንዲያ እየደከሙ እንዴት አይሰማም እንበል፣ እትዬ? ነውር አይሆንም?»

እትዬ ፀዳለ ሞንታርቦውን በእጃቸው ከሶኬቱ ነቅለው አጠፉት። ሴቶቹን በትንሽ በትንሹ ዙሪያቸው ሰብስበው፣ እንደገና ከመጀመሪያው፣ ለአንዱ ቡድን ሲጨርሱ ለሌላው እየጀመሩ አስተማሩ። አንዷም ሳታውቅ አልሄደችም። ሲጨርሱ ግን ድምፅ የሚባል ነገር አልቀራቸውም ነበር፤ ሻሸመኔ ደግሞ ከባቱ እጥፍ ሴት ነው የሚጠብቃቸው፣ ግዛቸውም እዚያ ነው።

ያረፍነው እንግዳ በሚያሳድሩት በወይዘሮ ሀዋ ቤት ነው። ወይዘሮ ሀዋ ከሐይቁ የወጣ ቆሮሶ አሳ ሙሉውን ጠብሰው፣ በዳጣ አቀረቡልን። አዲስ አበባ አሳ ስትበላ አሳው በሕይወት የነበረበትን ቀን እያሰብክ ነው፤ ይህ ገና ውሃ ውስጥ ያለ የሚመስለው ነበር። ለእትዬ ፀዳለ ግን አሳውን ከለከሏቸውና በማር የተፈላ ዝንጅብል አመጡላቸው፤ ጎንበስ ብለው አንገታቸው ላይ የራሳቸውን ሻርፕ አሰሩላቸው። አዳራሹ ከወጥ ቤታቸው አጥር ለአጥር ነው። «ቀኑን ሙሉ ሰማኋችሁ» አሉን። «ጩኸቱን ማለቴ ነው። ነገሩን አልሰማሁትም።» በዚያ ቀን እውነቱን ሳይጠየቁ የተናገሩ ሰው እሳቸው ብቻ ስለነበሩ ተነስቼ ልስማቸው ምንም አልቀረኝ።

ሦስተኛው ቀን

እትዬ ፀዳለ ድምፃቸውን ለማሳረፍ ብለው ከባቱ እስከ ሻሸመኔ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ቡልቡላን፣ የላንጋኖን መታጠፊያ፣ አርሲ ነጌሌን በዝምታ አለፍን። ሙክታርም ሚስቱ ስላኮረፈችው ዘፈን አልከፈተም። እኔ ሞንታርቦውን በየጊዜው ዞር ብዬ አየዋለሁ፤ መብራቱ የሚጠፋበት ቁልፍ ስላልተገኘ እኛ ስንተክዝ እሱ ቀይና አረንጓዴ ያበራል።

ሻሸመኔ መናኸሪያው አጠገብ ስንደርስ እትዬ ፀዳለ የሙክታርን ትከሻ ነኩና የቀኑን የመጀመሪያ ቃል ተናገሩ። «አቁም።»

ከመንገዱ ማዶ የተባይ መድኃኒት ሻጭ ቆሟል። ወገቡ ላይ የታሰረች፣ የእጅ ቦርሳ የማታህል ስፒከር አለችው፤ ማይኳ በቀጭን ሽቦ ጆሮው ላይ ተሰክታ አፉ አጠገብ ትደርሳለች። አይጮህም። እንደ ሰው ያወራል፦ «የትኋን አለ፣ የበረሮ አለ፣ የአይጥ አለ፤ ማታ አድርገሽ ጠዋት ጠርገሽ…» መናኸሪያው ይጮኻል፣ አውቶቡሱ ጡሩምባ ይነፋል፣ የሰውዬው ቃል ግን በመሃሉ አልፎ እኛ ዘንድ ሙሉውን ደረሰ።

እትዬ ፀዳለ ወርደው ተሻገሩ። እኔ ተከትያቸው «እትዬ፣ በትኋን መድኃኒት ማይክ ሊያሠለጥኑ ነው? ግዛቸው ሲያይ ምን ይላል?» እላለሁ። እሳቸው ግን ሻጩን «ልጄ፣ እስቲ አንዴ አውሰኝ» አሉት። ሳያቅማማ ፈቶ ወገባቸው ላይ አሰረላቸው፤ ማይኩንም ነጠላቸውን ገለጥ አድርጎ ጆሯቸው ላይ ሰካላቸው። እኔን «አንተ ተሻገርና ስማ» አሉኝ።

ተሻገርኩ። በዚያች ባለቀች ድምፃቸው፣ ሳይጮኹ «ልጁን በደንብ አድርቂው። ጀርባውን እሺው። አትዘቅዝቂው» አሉ። አጠገቤ ካልሲ የምትሸጥ ሴት ቀና ብላ «ማንን ነው የማይዘቀዝቁት?» አለች። ለካ ከአዲስ አበባ እስከዚህ ድረስ ስፒከር ስንመርጥ በእሳቸው ድምፅ የተሞከረው የመጀመሪያው ይህ ነበር። አሳፈረኝም፣ ደስም አለኝ። አንድ ሰውዬ መድኃኒቱ ለሕፃን መስሎት ዋጋ ጠየቃቸው።

ሻጩ የጽሕፈት መሣሪያ የሚሸጥበትን ሱቅ አሳየን፤ አስተማሪዎች እንዲህ ያለችውን ስፒከር እዚያ ነው የሚገዙት። እትዬ ፀዳለ ሦስት አስወጥተው ሦስቱንም በራሳቸው ድምፅ፣ በራሳቸው ቃል ሞከሩ፣ እኔን በር ላይ አቁመው የሰማሁትን እያስደገሙ። አንዷ ታፏጫለች፣ አንዷ ቃል ታፍናለች፤ ሦስተኛዋን ወሰዱ። ባለሱቁ «ዘፈን አትጫወትም እንጂ…» ብሎ ሊያስጠነቅቀን ሞከረ። እትዬ ፀዳለ በማይኳ «ተመስገን» አሉት።

አራተኛው ቀን

አዳራሹ ከሻሸመኔ ወደ ኩየራ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ ትልቅ፣ ረጅም፣ ሴት የሞላበት። ግዛቸው ሱፍ ለብሶ በራሱ መኪና መጣ። ሞንታርቦውን ሲያይ ፊቱ በራ፤ በሰማያዊ፣ ቀጥሎ በአረንጓዴ። የመክፈቻ ንግግሩን በሞንታርቦው አደረገ። «ክቡራትና ክቡራን-ራን-ራን» ብሎ ጀመረ፤ ስለ ዘላቂነት፣ ስለ ባለቤትነት፣ ስለ ቅንጅት አንዳንድ ነገር አለ። «ይሰማል?» ሲል «ይሰማል!» ተባለ፤ እሱም ረካ። ከዚያ ዞር ሲል የእትዬ ፀዳለን ወገብ አየ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ስፒከር ነው» አልኩ እኔ።

ወደ ጆሯቸው ተጠጋ። «እትዬ፣ ይህማ የመንገድ ላይ ሻጭ ዕቃ ነው። የድርጅቱ ክብር አለ እኮ።»

«ክብሩን ከፊት ወንበር እናስቀምጥልዎታለን» አሉት። «እርስዎ እንደተባባልነው ከኋላ ይቀመጡልኝ።»

ግዛቸው ሰዓቱን አየ። «ቃላችን ቃል ነው። ከመጨረሻው ረድፍ ካልሰማሁ…» አልጨረሰውም፣ እኛ ግን አውቀነው ነበር። ሄዶ በሩ አጠገብ፣ በሴቶቹ መሃል ተቀመጠ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። ገና ከመቀመጡ ስልኩ ጠራ፤ በቀኝ እጁ ጆሮው ላይ ለጠፈው።

እትዬ ፀዳለ ሞንታርቦውን አስጠፉ። መንገድ በኩል ያሉትን መስኮቶች አስዘጉ። «ይሰማል?» ብለው አልጠየቁም። ለብቻቸው እንደሚያወሩ፣ በኦሮምኛ ቀጥሎም በአማርኛ፣ እንዲህ አሉ፦ «መጨረሻው ረድፍ ያላችሁ፣ ግራ እጃችሁን አንሱልኝ።»

መሃል ያሉት ዞረው አዩን። ከእኛ ረድፍ ሁለት እጅ ወጣ፤ ሌሎቹ ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። ግዛቸው ስልኩን እንደያዘ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ ሐዘኑ እውነተኛ ይመስል ነበር፣ ይህ ነው ያቃጠለኝ።

እትዬ ፀዳለ አልደነገጡም። እውነቱን ያወቁት ገና አሁን ነበርና፣ ይልቅ ደስ ያላቸው መሰለኝ። ስፒከሯን ከወገባቸው ፈትተው ከፍ አድርገው ደረታቸው ላይ አሰሯት፤ ነጠላው ነበር ያፈናት። ማይኳን ወደ ከንፈራቸው አስጠጉ። ከመድረኩ ወርደው በወንበሮቹ መሃል ባለው መተላለፊያ ጥቂት ተራመዱና ቆሙ።

ግዛቸው በስልኩ «አዎ» ይላል። «አዎ፣ ቪዲዮውን አዘጋጁና ጠብቁኝ። እንደፈራሁት ነው፣ ከኋላ ምንም አይሰማ…»

«እንደገና» አለች ያቺ ቀጭን ድምፅ፣ አጠገባችን እንደተቀመጠ ሰው። «መጨረሻው ረድፍ፣ ግራ እጃችሁን።»

ረድፉ በሙሉ አነሳ። ግራ ቀኝ ባሉት ሴቶች መሃል፣ ስልኩን በቀኙ እንደያዘ፣ ዓረፍተ ነገሩን እንኳ ሳይጨርስ፣ የግዛቸው ግራ እጅ ከሱፉ እጅጌ ጋር ወደ ላይ ወጣ። ቆየም።

እትዬ ፀዳለ ከመተላለፊያው ሆነው ረድፉን ከዳር እስከ ዳር በዓይናቸው አዩ።

«አመሰግናለሁ» አሉ። «አቶ ግዛቸው፣ አሁን ማውረድ ይችላሉ።»

አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየው። እጁን ቀና ብሎ አየ፤ የሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ ነበር ያየው። ስልኩ ውስጥ ያለው ሰው «ሀሎ? ቪዲዮውን እናምጣ ወይስ ይቅር?» ይላል። እትዬ ፀዳለ አሻንጉሊቱን አንስተው ማድረቅ ጀምረው ነበር።